ምዕራፍ ሦስት

የመመረቂያ ጽሑፍ እጄ ሲገባ ከምስጋናው ገጽ አልጀምርም፤ መደምደሚያውንም ለጊዜው አልፈዋለሁ። ገልጬ የማነበው ምዕራፍ ሦስትን ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ምዕራፍ አንድ መግቢያ፣ ምዕራፍ ሁለት የቀደሙ ጽሑፎች ዳሰሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ «የጥናቱ ዘዴ» ነው። አንባቢ ይዘለዋል። ተማሪውም ብዙ ጊዜ ከጓደኛው ገልብጦ የወረዳውን ስም ብቻ ይቀይርበታል። የባለሙያ እጅ የሚታየኝ ግን እዚያ ነው። ጥሩ ውጤት በዕድልም ይገኛል፤ ጥሩ ዘዴ በዕድል ተሠርቶ አላየሁም።

ይህን ለማሳየት ከእንጭኒ የተሻለ ቦታ የለኝም። እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ የአዳበርጋ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች የሚመላለሱበት የሙገር መንገድ ያቋርጣታል። ዙሪያዋ ደጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ እግር የሚይዝ ጥቁር አፈርና ሰፊ የግጦሽ መስክ አላት። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች ግን የሚያውቋት በላሞቿ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከዴንማርክ የመጡ የጀርሲ ጊደሮች በአዳበርጋ የወተት ከብት እርባታ ሰፈሩ፤ እርባታው በኋላ በሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሥር ሆነ። ጀርሲ ሰውነቷ አነስ፣ ዓይኗ ተለቅ ያለ፣ መልኳ ቀላ ያለ ቡናማ ላም ናት፤ ወተቷ ብዙ ቅባት አለው። 2500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዴንማርክ ሣር በጣም በሚለይ ሣር ላይ ምን ትሆን ይሆን የሚለው ጥያቄ ለብዙ ጥናት በር ከፍቷል።

ለአጥኚው ሀብቱ ላሞቹ ብቻ አይደሉም፤ መዝገቡም ነው። ጥጃ ስትወለድ ቁጥር ይሰጣታል፣ ትመዘናለች፣ እናትና አባቷ ይጻፋሉ። ካደገች በኋላ የተጠቃችበት ቀን፣ የወለደችበት ቀን፣ ጠዋትና ማታ የታለበችው ወተት ይመዘገባል። ላሟ ትሞታለች ወይም ትሸጣለች፤ ቁጥሯ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። አንድ የማስተርስ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤውን ይዞ እዚህ ሲደርስ፣ እሱ ሳይወለድ መጻፍ የጀመሩ እጆች የተዉትን ነው የሚረከበው። ከብት ጠባቂውና አላቢው በዚያ ጥናት ውስጥ ገብተዋል፤ በምስጋና ገጹ ላይ ስማቸው አይገኝ ይሆናል እንጂ።

እዚህ ላይ የተማሪው የመጀመሪያ ፈተና ይመጣል፤ ሁሉን ልጠይቅ ይላል። ፕሮፖዛሉ «የወተት ምርት ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው» በሚል ርዕስ ይገባል። ይህ የአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የአሥር ዓመት ሥራ ነው፤ ተማሪው ያለው አንድ ዓመት፣ የፎቶ ኮፒና የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ሁለት አድቫይዘሮች ናቸው። ልብስ ሰፊ የሚታወቀው በመቀሱ ነው፤ አጥኚም እንደዚያው። ጥሩው አጥኚ ጨርቁን ይቆርጣል፦ «በዚህ መንጋ ውስጥ፣ በሁለት ወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ በወሊድ ዓመት፣ በወቅትና በስንተኛ ወሊድነት ምን ያህል ይለያያል?» እያንዳንዱ ቃል አንድ ነገር እያስወጣ ነው። «በዚህ መንጋ» ሲል የገበሬውን ላም አስወጣ። «በሁለት ወሊዶች መካከል» ሲል የወተቱን መጠን፣ የጥጃውን ክብደት፣ ገበያውን አስወጣ። የቀረው ትንሽ ይመስላል። ግን መልስ አለው፤ መልሱም መዝገቡ ውስጥ በቀን ተጽፎ ተቀምጧል።

ቀን ስል ግን አገራችንን የማያውቅ ሰው የማይጠረጥረው ጉድጓድ አለ። እኛ ሁለት ዘመን አቆጣጠር አለን። በአገራችን የእርሻ መዝገቦች አንዱ ጸሐፊ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ሊጽፍ ይችላል፤ አንዱ ሰው ራሱ ካርድ ሲቀየርለት ሊቀይር ይችላል። በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ችግሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳይገለጽ ሲቀር ነው። 12/3/02 የሚል ቀን አስቡ። ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ከሆነ ኖቬምበር 21 ቀን 2009 ነው፤ ሣሩ ገና ያልጠወለገበት፣ አዝመራው የሚታጨድበት ጊዜ። ማርች 12 ቀን 2002 ከሆነ ደግሞ በልግ ይጠበቃል፤ ዓመቱም ሌላ ነው። ላሟ አልተንቀሳቀሰችም፣ ጥናቱ ውስጥ ግን ከወቅት ወቅት ተሰደደች። እንዲህ ያሉ ላሞች ብዙ ከሆኑ «ወቅት ተጽዕኖ የለውም» የሚለው ድምዳሜ ከላሞቹ ሳይሆን ከእስክሪብቶ የመጣ ይሆናል።

አንድ ጎበዝ አጥኚ ይህን እንዴት እንደሚፈታው ማየት ደስ ይላል። ወር በሚጻፍበት ቦታ 13 ካገኘ ጳጉሜን ነው፤ የእኛ አቆጣጠር መሆኑ ተረጋገጠ። ቀኑ 31 ከሆነ ደግሞ የእኛ ወር ከ30 ስለማያልፍ የአውሮፓ ነው። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ከዚህ የሚረቅ ሌላ መንገድ አለ፤ ካርዱ ላይ ላሟ የተጠቃችበት ቀንና የወለደችበት ቀን ጎን ለጎን አሉ፤ ላም ደግሞ እርግዝናዋ 280 ቀን ገደማ ነው። ሁለቱን ቀኖች በአንዱ አቆጣጠር አንብቦ ቢቀንስና 280 አካባቢ ቢመጣለት ጸሐፊው ቢያንስ በአንድ አቆጣጠር ጸንቷል ማለት ነው፤ አንዱን ለውጦ ብቻ የሚገጥም ከሆነ ደግሞ እጅ የተቀየረበትን ቦታ አገኘ። የላሟ ማህፀን የጸሐፊውን ስህተት ያርማል። ይህን በአንድ አንቀጽ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ጽፎት ሳገኝ፣ ሰውየው ካርዶቹን አንድ በአንድ እንዳየ አውቃለሁ፤ የተቀረውን ጽሑፍም በእምነት አነባለሁ።

ከዚያ የማይቻሉት ነገሮች ይለቀማሉ። በሁለት ወሊዶች መካከል 200 ቀን ያላት ላም የለችም። ከእናቷ በፊት የተወለደች ጊደርም የለችም፤ መዝገብ ላይ ግን ትኖራለች። እነዚህን መጣል ቀላል ነው። የሚያስጨንቁት ሊሆኑ የሚችሉት ናቸው። ወልዳ አርባ ቀን ብቻ ታልባ የነጠፈች ላም ምን ትደረግ? ታማ ሊሆን ይችላል፣ ተሸጣ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በተፈጥሮዋ ቶሎ የምትነጥፍ ናት። ሁሉንም አጫጭሮች ካወጣህ መንጋውን ከእውነቱ አሳምረኸዋል፤ ሁሉንም ከያዝክ የተሸጠችውን ላም ሰነፍ አልከኻት። ምክንያቱ የተጻፈላትን በምክንያቷ መለየት፣ ያልተጻፈላትን ደግሞ አስቀድሞ በወሰኑት ገደብ መያዝ፣ ገደቡንም መናገር ነው ያለው መንገድ። «አስቀድሞ» የሚለው ቃል ይሰመርበት። ውጤቱን አይቶ ገደብ የሚያበጅ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል።

ስሌቱ ራሱ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው፣ በአንጻሩ ቀላሉ ክፍል ነው። በሳስ (SAS) ወይም በሌላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይሠራል፤ ሐሳቡ ግን ያለ ኮምፒውተርም ይገባል። መኖ በተረፈበት ዓመት የወለደች ላም ጎበዝ ብትመስል ጉብዝናው የዓመቱ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ወሊዷ ያለችን ከአራተኛዋ ጋር ማወዳደር ልጅን ከአዋቂ ጋር ማታገል ነው። ስለዚህ ዓመቱ፣ ወቅቱና ወሊዱ እያንዳንዳቸው ድርሻቸው ይታሰብላቸውና የቀረው የላሟ ይባላል። ከዚያ በላይ መሄድ የፈለገ የአንድ ኮርማ ሴት ልጆችን እርስ በርስ ያስተያያል፤ ከሌሎቹ ይልቅ እርስ በርስ በተመሳሰሉ ቁጥር የሚወረሰው ድርሻ ያን ያህል ነው።

ጥያቄን መቁረጥ በትልቁ ያሳየን ሰው ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ ነው። ገቢሳ እጀታ የተወለደው በአዲስ አበባና በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው በወለንኮሚ ነው። በልጅነቱ ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ፣ ሳምንቱን እዚያው እያሳለፈ ተማረ፤ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ዓለማያ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ማራባት ዶክትሬቱን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ። ሽልማቱን ሁሉም ያወራል፤ እኔ የማደንቀው አንዲት የመስታወት ሳህን ነው።

ጉዳዩ አቀንጭራ ነበር። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አረም ነው፤ ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ማሽላውን ይጎዳዋል። ዘሩ ከአሸዋ የደቀቀ ነው፤ አንድ ተክል አሥር ሺዎችን ይበትናል፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ይነቃል። ነቅቶ ሥር ካላገኘ በጥቂት ቀን ይሞታል። ቀደም ሲል የነበረው አሠራር አቀንጭራ ባለበት ማሳ ላይ ማሽላ ዘርቶ የበቀለውን አረም መቁጠር ነበር። አቀንጭራ ግን በማሳ ውስጥ እኩል አይበተንም፤ ዝናቡም ይለያያል፤ አንዱ መደብ ላይ የጠፋው አረም ማሽላው ስለተቋቋመው ይሁን ዘሩ እዚያ ስላልነበረ አይታወቅም።

ገቢሳና ባልደረቦቹ፣ ከነሱም አንዱ ባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር፣ «የትኛው ማሽላ ይቋቋማል?» ማለትን ትተው ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ ከፋፈሉት። አረሙ መጀመሪያ ይነቃል፣ ከዚያ ይጣበቃል፣ ከዚያ ሥሩን ይወጋል፣ ከዚያ ይኖራል። ማሽላው በየትኛው ደረጃ ላይ ሊያቆመው ይችላል? ለመጀመሪያው ደረጃ ብቻ የሚሆን መፈተኛ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ታተመ። እርጥበት ላይ ቆይቶ ለመንቃት የተዘጋጀ የአቀንጭራ ዘር ሳህን ላይ ይነሰነሳል፤ ጥርት ያለ አጋር፣ ከባሕር አረም የሚወጣው ዝልግልግ ነገር፣ ይፈስበታል። የማሽላ ቡቃያ በሳህኑ ጠርዝ ይተከልና ሥሩ ወደ ማዶ እንዲያድግ ይደረጋል። ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ ሳህኑ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሚለካው አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ ርቆ የነቃው የመጨረሻው የአቀንጭራ ዘር ስንት ሚሊሜትር ላይ ነው? ብዙ ኬሚካል የሚያመነጭ ማሽላ ሩቅ ያለውን ይቀሰቅሳል። ርቀቱ ከ10 ሚሊሜትር ካነሰ ማሽላው ዝም ያለ ነው።

እስቲ ይህን በደንብ እንየው። የአንድ ክረምት ማሳ በሦስት ቀን ሳህን ተተካ። ዝናቡ፣ አፈሩ፣ እኩል ያልተበተነው ዘር፣ ሁሉም ወጡ። የማይታየው ኬሚካል በማስመሪያ የሚለካ ርቀት ሆነ። ለኬሚካሉ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ አረሙ ራሱ መሣሪያ ሆኖ አገለገለ። መለኪያው እንዲህ የጠራ በመሆኑ ውርሱን መከተል ተቻለ፤ ይህ ባሕርይ በአንድ ጂን የሚተላለፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ሥራ የወጡት ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች አቀንጭራ ለሚያስቸግራቸው የአገራችን አካባቢዎች ተለቀቁ፤ ጎብዬ በሰሜን ወሎ ያለች ከተማ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ገቢሳ ያለበት ቡድን ጂኑን ለይቶ አወጣ። የዝምታው ምሥጢር ማሽላው ማመንጨት ማቆሙ አልነበረም፤ የሚያመነጨው ኬሚካል ዓይነት ተቀይሮ አረሙን በደንብ የማይቀሰቅሰው ሆኖ ነበር። ከሳህኑ እስከ ጂኑ 25 ዓመት። ሳህኑ ባይጠራ ኖሮ ጂኑን ፍለጋ የሚጀመርበት አልነበረም።

«እሱ ፐርዱ ነው፤ እኔ አዳበርጋ ነኝ» የሚል ተማሪ አለ። ሳህኑ ግን ዋጋው አይደለም የሚያስደንቀው። ያው መቁረጥ በገበሬ ቤት በር ላይም ይሠራል፤ እንዲያውም እዚያ ይከብዳል።

የወተት ገበያን የሚያጠና ተማሪ መቼ ይውጣ? ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ በአውድማ ላይ ያለን ሰው አርባ ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው፤ መልሱም እንደ ነውሩ ይሆናል። ክረምት ላይ ጭቃው ቀበሌ ከቀበሌ አያገናኝም። ጥርና የካቲት ቀለል ይላል፤ ግን ዓቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን። በጾም የኦርቶዶክስ ደንበኛ ወተት አይገዛም፤ ዋጋው ይወርዳል፣ የተረፈው ወተት ረግቶ ቅቤ ይሆናል። ስለዚህ «ትናንት ስንት ሊትር ሸጡ?» የሚለው ቀላል ጥያቄ ቀላል አይደለም።

«እማማ፣ ትናንት ስንት ሊትር ሸጡ?»

«ትናንት ረቡዕ አልነበረም እንዴ ልጄ? ማን ይገዛኛል?»

መጠይቁ ላይ ዜሮ ይጻፋል። ሴትዮዋ ግን ሁለት ጥገት አላት፤ ትናንትም አልባለች። የታለበውን፣ የተሸጠውን፣ ቤት የተጠጣውንና የተናጠውን ለየብቻ የሚጠይቅ፣ የጾምና የፍስክ ቀንን የሚለይ መጠይቅ በአራት መስመር ይህን ያተርፋል። እንዲህ ያለ መጠይቅ አባሪው ውስጥ ሳገኝ ጠያቂው አገሩን እንደሚያውቅ ይገባኛል።

ከብት ቁጥርም እንዲሁ ነው። ብዙ አርሶ አደር ከብቱን ቆጥሮ መናገር አይወድም፤ ግብር ይመጣ ይሆናል፣ ዓይን ይበላብኝ ይሆናል። ብልኅ ጠያቂ «ስንት ከብት አለዎት?» አይልም። ጥገቷን ይጠይቃል፣ የነጠፈችውን ይጠይቃል፣ ጊደሯን፣ ጥጃውን፣ ወይፈኑን፣ በሬውን። ስለ እያንዳንዷ ላም ሲወራ ቁጥሩ ራሱ ይደመራል። መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ መተርጎሙ ብቻም አይበቃም፤ በሌላ ቀበሌ ለጥቂት ቤቶች ቀድሞ መሞከር አለበት። መሬት በጥማድ ሲነገር ጥማዱ ስንት ሄክታር እንደሆነ እዚያው መንደር መጠየቅ ነው እንጂ ከሌላ ዞን ጥናት መቅዳት አይደለም።

ስለ ናሙና ብዛት አንድ ቃል ልበል፤ ይህ ያናድደኛልና። ከአሥር የመመረቂያ ጽሑፍ በስንቱ የያማኔን ቀመር እንደማገኝ አልቆጠርኩም፤ ብቻ አንድም ጊዜ ሳይጠፋ የሚመጣ እንግዳ ነው። ሁለት ሺህ አባወራ ካለ ከ5 በመቶ ስህተት ጋር 333 ይላል፤ ያበቃል። ቀመሩ ግን ሰዎቹ ከአንድ ዝርዝር ውስጥ በዕጣ እንደወጡ ያስባል። ተማሪው ግን ሦስት ቀበሌ መርጦ ሁሉንም ከነዚያ አወጣ፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ደግሞ አንድ ገበያ ይወርዳሉ፣ ከአንድ ምንጭ ያጠጣሉ፣ ይመሳሰላሉ። 333 ሰው ጠይቆ የተማረው ከዚያ ባነሱ ሰዎች የሚገኘውን ያህል ሊሆን ይችላል። ይህን አውቆ ቀበሌውን አብዝቶ በቀበሌ ጥቂት ቤት የወሰደ፣ ወይም ባይችልም በግልጽ የተናገረ ተማሪ ሳገኝ በልቤ ከፍተኛውን ማርክ እሰጠዋለሁ። የተመረጠው አባወራ ቤት ባይገኝስ? «ቀጥሎ ያለው ቤት ተተካ» የሚል ጽሑፍ ገበያ የሄደውን ነጋዴ ገበሬ ጥሎ ቤት የዋለውን ይሰበስባል። «ሁለት ጊዜ ተመልሰን፣ ካጣን ከተጠባባቂ ዝርዝር በቅደም ተከተል ወሰድን፤ የተተኩት ይህን ያህል ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሁለት ቀን ጉዞ ዋጋ አለው።

ምዕራፍ ሁለትን ዘለልከው ትሉኝ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ሊዘለል ይገባዋል። ከሌላ ሰው የተቀዱ ትርጓሜዎች እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ቁም ነገር ያለው ዳሰሳ አንድ ሥራ አለው፤ ይህ ጥያቄ እስካሁን ለምን አልተመለሰም የሚለውን ማሳየት።

ከዲፌንስ በኋላ የሚሆነው ግን አሁንም አይዋጥልኝም። ጽሑፉ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ለቤተ መጻሕፍት ይገባል። ተማሪው ያጸዳው ዳታ ግን፣ ያ ሁሉ የጳጉሜንና የ31 ቀን ፍተሻ፣ በፍላሽ ላይ ሆኖ በኪሱ ይወጣል። የሚቀጥለው ተማሪ መጥቶ ያንኑ ካርድ ከመጀመሪያው ይከፍታል፤ 12/3/02ን እንደገና ይፈታል፤ ምናልባትም በሌላ መንገድ። የተጣሉት ካርዶች ቁጥር ከነምክንያታቸው፣ ቀኖቹ የተቀየሩበት ደንብ፣ የተሰየሙት ዓምዶች ትርጉም፤ ይህ ከአምስት ገጽ አባሪ አይበልጥም። አንዳንዱ ፈታኝ አባሪ ሲበዛ ወረቀት ማብዛት ይለዋል። እኔ ፈታኝ ብሆን እነዚህ ገጾች ባልተያያዙበት ጽሑፍ ላይ አልፈርምም፤ ፋይሉም ለእርባታው መዝገብ ቤት መመለሱን የሚያሳይ ደረሰኝ እጠይቅ ነበር።